ጨቅላ የሚሞተው በድህነት ነው ወይስ ባለመማር? ከደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ሲታይ

ሰሞኑን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በዙሪያቸው ስለተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሲወራ ወሬው በብዛት ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና፣ ስለ ዓረብ ሀገር ስደትና ስራ ስላጣ ወጣት ነው። ልክ ነው፣ ሊወራ ይገባል። ግን ከወሬው የቀረ አንድ ነገር አለ። ዛሬ 6ኛ ወይ 7ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ እናት ትሆናለች፣ ማቋረጧ ደሞ የምትወልደው ልጅ የመጀመሪያ ዓመቱን የመሙላት እድል ላይ ይገባል። ይሄ ለ50 ዓመት ያህል በብዙ ሀገር ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ሲነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ችግሩ ድህነት ነው፣ ያለው ያሳክማል የሌለው ይቀብራል" ይላል። ሌላው ደሞ "አይ፣ ብር እያላቸውም ጤና ጣቢያ የማይሄዱ ሞልተዋል፣ ችግሩ አለማወቅ ነው" ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፣ ግን ትምህርቱም ብሩም በየት በኩል አልፎ ነው ህፃኑ ጋ የሚደርሰው የሚለውን ካላየን ክርክሩ እዛው በዛው ይሽከረከራል፣ መፍትሄውም አብሮ ይጠፋል።

የትኛው ሞት ነው የሚቆጠረው

የጤና ሰዎች ሦስት ቁጥር አላቸው፣ ሚዲያ ላይ ብዙ ጊዜ ይደበላለቃሉ። በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞት የጨቅላ ሞት ይባላል። አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚሞተው የህፃናት ሞት ነው፣ ጨቅላዎቹም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሦስተኛው ከ5 ዓመት በታች ያለው ነው። ሁሉም የሚለኩት በህይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች ስንቱ ሞተ በሚል ነው።

በሀገር አቀፉ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት መሰረት በፈረንጆቹ 2000 (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከ1,000 ህፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ወደ 48 ወረደ። ከ5 ዓመት በታች ያለው ከ166 ወደ 67 ነው የወረደው። ትልቅ ስኬት ነው፣ ኢትዮጵያ የሚሌኒየሙን የህፃናት ሞት ግብ ከተያዘለት ጊዜ ቀድማ ማሳካቷም በዓለም ተመስክሮላታል። የ28 ቀኑ ሞት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሰው፣ ከሌሎቹ ቀስ ብሎ። ስለዚ በ2000 ከአንድ ዓመት በታች ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ ጨቅላዎች ነበሩ፣ በ2016 ደሞ ከግማሽ አልፎ 60 በመቶ ደረሰ ማለት ነው።

አማራ ክልል ላይ ደሞ ይብሳል። የ2016ቱ ጥናት ከሱ በፊት የነበረውን 10 ዓመት አይቶ ያወጣው የክልላችን የጨቅላ ሞት ከ1,000 47 ነው፣ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው። በአጠቃላይ የ5 ዓመት ሞት ከኛ በጣም የሚብሱ ክልሎች እያሉ በመጀመሪያው ወር ግን እኛ እንብሳለን። ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማለት ያስፈልጋል። ከጨቅላ ሞት ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል በመጀመሪያው ሳምንት የሚደርስ ነው። በእስልምናው ስም የሚወጣበት ዐቂቃ በ7ኛው ቀን ነው፣ በክርስትናው ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። ስለዚ ብዙው ጨቅላ ስም ሳይወጣለት፣ ለቅሶ ሳይቀመጥለት፣ ቀበሌም ሳይመዘግበው ነው የሚያልፈው። እናትየዋ "ሌላ ይሰጥሻል" ተብላ በቤተሰብ ታልፋለች። ሀዘኗ እንደ ሀዘን ሳይቆጠር የሚያልፍበት ይሄ ልማድ ጉዳዩ ህዝብ ውስጥ እንደ ትልቅ ችግር እንዳይወራ ያደረገው ይመስለኛል።

ትምህርት በየት በኩል ይገባል

የአውስትራሊያው ተመራማሪ ጆን ካልድዌል በ1979 ናይጄሪያ ላይ ባደረገው ጥናት ያሳየው ነገር እስከዛሬ ይጠቀሳል፤ የእናት ትምህርት የባልን ስራ፣ የመኖሪያ ሰፈርንና የመሳሰሉትን እኩል አድርገህ ካየህ በኋላም የልጅን በህይወት መቆየት ለብቻው ይወስናል። በ2010 ደሞ 175 ሀገሮችን ከ1970 እስከ 2009 ያየ ጥናት ወጣ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ሞት ከቀነሰው ውስጥ ግማሽ ያህሉን ከሴቶች ትምህርት መጨመር ጋር አያይዞታል።

ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ፣ እና ተገቢ ጥያቄ ነው፣ የተማረች ሴት እኮ ድሮውኑ ደህና ካለው ቤት የወጣች ናት፣ ምናልባት ልጁን ያተረፈው የአባቷ ሀብት እንጂ ትምህርቷ ላይሆን ይችላል የሚለው ነው። ይሄን ለመለየት ተመራማሪዎች መንግስት በአንድ ጊዜ ትምህርት ያሰፋባቸውን ሀገሮች ነው ያዩት። ታይዋን በ1968 የግዴታ ትምህርትን ከ6 ወደ 9 ዓመት ከፍ ስታደርግ፣ ዚምባብዌም በ1980 ነፃ ስትወጣ ሁለተኛ ደረጃን ለጥቁር ልጆች ስትከፍት፣ በእድሜ ትንሽ ብቻ የሚለያዩ ሴቶች አንዷ እድሉን አገኘች ሌላዋ አመለጣት፣ የሀብት ልዩነታቸው ሳይሆን የተወለዱበት ዓመት ነው የለያቸው። ሁለቱም ቦታ ትምህርቱን ያገኙት እናቶች ልጆች ሞት አነስ ብሎ ተገኘ። ስለዚ የሀብት ጉዳይ አለበት፣ ግን ትምህርት የራሱ የሆነ ድርሻ እንዳለው ማስተባበል ከባድ ነው።

እንዴት ነው ግን? ብዙ ሰው የሚያስበው ትምህርት ቤት ስለ ጤና ስለሚያስተምር ነው ብሎ ነው። ያ ትንሹ ነው። ትልቁ ምናልባት ጊዜ ነው፤ ትምህርት ላይ ያለች ልጅ በ15 አትዳርም። በጣም ልጅ ሆና የወለደች ሴት ክብደቱ ያነሰና ጊዜው ያልደረሰ ልጅ የመውለድ እድሏ ይበልጣል፣ በተከታታይ ከወለደችም በተለይ በሁለት ልጆች መሀል ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ለሁለተኛው ልጅ አደጋው ይጨምራል። በወረቀት የጋብቻ እድሜ 18 ነው፣ ገጠር ላይ ግን ከህጉ ይልቅ ልጅቷን ከጋብቻ የሚያቆያት ክፍል ውስጥ መቀመጧ ነው፣ አባትም "ትጨርስ" የሚል ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛው የመናገር አቅም ነው። 8ኛ ክፍል የደረሰች ሴት ባዮሎጂውን ብትረሳውም ነርሷን "መድሃኒቱን ስንት ጊዜ ነው የምሰጠው" ብላ ለመጠየቅ፣ አማቷ አዲስ ለተወለደው ቅቤ ላቅምስ ወይ እንገሩ ይፍሰስ ስትል "ጤና ኤክስቴንሽኗ አይሆንም ብላለች" ለማለት፣ ልጁ ጡት እምቢ ሲል ባሏ ከገበያ እስኪመለስ ሳትጠብቅ ለመነሳት ትደፍራለች። አራስ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚለው በብዙ ቤት ህይወትና ሞት ይወስናል።

ሦስተኛው ማንበብ ራሱ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ህፃን የሚያተርፈውን ኦአርኤስ እንውሰድ፣ ርካሽ ነው፣ ጤና ኬላም አለ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አንድ ሊትር ማለት የትኛው ሃይላንድ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፣ በግማሽ ሊትሩ ከበጠበጡት ጨው ይበዛበትና ህፃኑን ይጎዳዋል፣ በሁለት ሊትሩ ከሆነ ደሞ ይቀጥንና አያነሳውም። አብሮት የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይቀጥላል፣ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ግማሽ ፍሬ ነው። ይሄ ሁሉ አንዴ በቃል ይነገራታል፣ ቤቷ ስትገባ ግን የምታየው ፓኬቱ ላይ ያለውን ጽሁፍ ነው። ማንበብ ለማትችል እናት እዛ ያለው ስዕል ብቻ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 48 በመቶው ምንም አልተማሩም።

ገቢስ

እዚህ ላይ "እንግዲህ ትምህርት ነው ዋናው" ብሎ መዝጋት ስህተት ነው። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወይ ፒያሳ ለሚኖር ሰው ሆስፒታል ማለት ባጃጅ ነው። ለጋምቦ ወይ ወረኢሉ ጫፍ ላለች እናት ግን መጀመሪያ በሰው ሸክም ወይ በእግር እስከ መኪና መንገድ፣ ከዛ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ ሪፈር ተብላ ደሴ ነው። ወሊድ በመንግስት ጤና ተቋም ነፃ ነው፣ ክትባቱም የእርግዝና ክትትሉም ነፃ ነው። አምቡላንሱ ካልመጣ ግን ኮንትራት መኪናው ነፃ አይደለም። አስታማሚ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ ሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋ መድሃኒት ከውጪ የሚገዛበት፣ ቤት የቀሩትን ልጆችና ከብት የሚጠብቅ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ብር ነው። ቤተሰቡ ለዚህ በግ መሸጥ ካለበት ገበያ ቀን ይጠበቃል። ጡት መጥባት ያቆመ ጨቅላ ደሞ ገበያ ቀን አይጠብቅም።

ገቢ ራሱ ምን ያህል እንደሚሰራ በደንብ ያሳየ ነገር ኬንያ ላይ አለ። ሲያያ በሚባለው ወረዳ ከ2014 እስከ 2017 ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ምንም ሳይጠየቁ 1,000 ዶላር ያህል ተሰጣቸው፣ ቆይቶ ሲጠና ብሩን ካገኙት ቤቶች የህፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ማንም አልተማረም፣ ብር ብቻ ነው የገባው። ግን ዝርዝሩን ማየት ይጠቅማል። ውጤቱ የጎላው ብሩ በወሊድ ሰሞን የደረሳቸውና ሐኪም ያለበት ተቋም ቅርባቸው ያለ ሰዎች ላይ ነው፣ እናቶቹም በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ከከባድ ስራ አርፈዋል፣ ተቋም ሄደው የወለዱትም ጨምረዋል። ብራዚልም በ2003 ለድሃ እናቶች ወርሃዊ ድጎማ ስትጀምር በተቅማጥና በምግብ እጥረት የሚሞቱ ልጆች ቀንሰዋል። እኛም ጋ ሴፍቲኔት ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር ከጉልበት ስራ ወጥታ ድጋፉን እንድታገኝ የተደረገው በዚሁ ሀሳብ ነው።

በተቃራኒው ሀብት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳዩ አሉ። ስሪላንካና የህንዷ ኬራላ ግዛት ገና ድሃ እያሉ የህፃናት ሞታቸው ከነሱ ብዙ እጥፍ ሀብታም ከሆኑ ቦታዎች ያነሰ ነበር፣ ሴቶችን ቀድመው ስላስተማሩና ጤና ጣቢያን ሰፈር ድረስ ስላወረዱ። የስነ ህዝብ ተመራማሪው ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 ያሳየውም ተመሳሳይ ነው፣ ገቢ ሲጨምር እድሜ ይጨምራል፣ በተለይ ታች ያለው ላይ ትንሽ ብር ብዙ ይሰራል፣ ነገር ግን በአንድ ዓይነት ገቢ ላይ ያሉ ሀገሮች ከጊዜ ወደ ጊዜ ረዥም እየኖሩ የመጡት እውቀትና አሰራር ስለተሻሻለ ነው።

ብሩ በማን እጅ ነው የሚለውም አለ። በ2017 የተከፈተው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን የመጀመሪያ ደሞዛቸውን በራሳቸው እጅ እንዲይዙ አድርጓል፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ቤት ኪራይም ይበላዋል፣ ግን የራስ ብር ያላት ሴት ባጃጅ ለመጥራት ማንንም አታስፈቅድም። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ አሜሪካ እቃ ከምናስገባበት እድል ስትወጣ፣ የኤክስፖርት ጨርቃ ጨርቅ ስራ የተመታው ከጦርነቱ ጉዳት ጋር ተደርቦ ነው። ይሄ የኢኮኖሚ ዜና ተብሎ ነው የተወራው፣ የጤና ዜናም ነበር። ተቀጥራ የምትሰራ ሴት በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች፣ በቀን ስራ ወይ በጉልት የምትተዳደረው ግን ይሄ የላትም፣ ልጁም 6 ወር ጡት ብቻ የማግኘቱ ነገር በዛው ይወድቃል።

ብርም ትምህርትም ኖሮ የሚሞተው

የጤና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች የሚሉት አለ። አንደኛው ልሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ህክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። ትምህርት የመጀመሪያውን ያሳጥራል፣ ብር ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ግን እናትየዋ ምንም ማድረግ አትችልም። የክልላችን የጨቅላ ሞት ለምን ከፍ አለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ትልቁ ክፍል እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ጨቅላ በዋናነት የሚሞተው ያለጊዜው በመወለድ፣ ሲወለድ በመታፈንና በኢንፌክሽን ነው። ታፍኖ የተወለደን ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በማስክና በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር የሚሰጠው የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያለጊዜው የተወለደ ሙቀት ይፈልጋል፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለው የደሴ ብርድ ደሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወዲያው ማጠብ ቀርቶ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ካልታቀፈ በሰዓታት ውስጥ ይቀዘቅዛል። ኦክስጅን፣ መብራት፣ አንቲባዮቲክ፣ ሌሊት የማይተኛ ነርስ ያስፈልጋል። ክትባትና አጎበር፣ ኦአርኤስም፣ ሰፈር ድረስ መውረድ ስለሚችሉ በፈረንጆቹ 2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከወር በኋላ ያለውን ሞት በፍጥነት አወረደው። የመጀመሪያው ወር ግን ከቤት ወጥቶ ደህና ሆስፒታል ይፈልጋል። በተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2016 26 በመቶ ነበሩ፣ በ2019 48 በመቶ ገቡ፣ የጨቅላ ሞት ግን በዛው ልክ አልወረደም። እናቶቹ መጥተዋል፣ የጎደለው የጠበቃቸው አገልግሎት ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የደሴ ሆስፒታልና ቦሩ ሜዳ ተዘርፈው ወድመዋል። ደሴ ሆስፒታል የሚያገለግለው ከተማዋን ብቻ አይደለም፣ ከሰሜን ወሎና ከአፋርም ሪፈር ወደሱ ነው የሚላከው። ብዙው በእርዳታና በባለሙያዎቹ ብርታት ተመልሷል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ደሞ በሱ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሰራተኞች ኮንትራት በሀገር ደረጃ ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ እናትን "ለምን ቶሎ አልመጣሽም" ብሎ መውቀስ ግማሹን እውነት መደበቅ ነው።

ስለ ጤና መድን ትንሽ

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በፈረንጆቹ 2011 ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ከደሴ አፍንጫ ስር ያለችው ተሁለደሬ ናት። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ በተለይ መኸር ሲገባ፣ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ሲታመም ካርዱን ይዞ ይታከማል። የበግ መሸጡን ጥበቃ የሚያስቀረው ይሄ ነው። ቅሬታው ደሞ መድሃኒት የለም ተብሎ ከውጪ መግዛት መኖሩ ነው፣ ቅሬታው በበዛ ቁጥር በቀጣዩ ዓመት የሚያድሰው ይቀንሳል።

የተዘጋው ትምህርት ቤት ጉዳይ

አሁን ወደ መጀመሪያው እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቢኖርም ከዙሪያቸው ካሉት ቀበሌዎች ልጁን ከዘመድ ቤት አስጠግቶ ማስተማር የሚችለው አቅም ያለው ብቻ ነው፣ ሁለት ልጅ ካለው ደሞ ብዙ ጊዜ የሚላከው ወንዱ ነው። ገቢና ትምህርት እንደገና እዚህ ይገናኛሉ፤ የቤቱ ድህነት ዛሬ ሴቷን ከትምህርት ያስቀራል፣ የሷ አለመማር ደሞ ነገ የምትመሰርተውን ቤት ያደኸያል።

ውጤቱ ወዲያው አይታይም፣ ለዚህም ነው ፖለቲከኛውም ሚዲያውም የማያነሳው። አሁን 13 ዓመቷ የሆነች ልጅ ትምህርት አቁማ በ15 ወይ በ16 ከተዳረች በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አራስ ቤት ትገባለች። በ2030 ኢትዮጵያ የጨቅላ ሞትን ከ1,000 ወደ 12 ለማውረድ የተቀበለችው ግብ የሚለካው እነዚህ ልጃገረዶች በሚወልዱበት ሰዓት ነው።

ብዙም ያልተባለ ሌላ ነገር አለ። በየቀበሌው ያሉት ጤና ኤክስቴንሽኖች ፕሮግራሙ ሲጀመር የተመለመሉት 10ኛ ክፍል ከጨረሱ የአካባቢው ሴቶች ነው። አዋላጅ ነርሷም፣ የጨቅላ ክፍሏ ነርስም ከዚሁ ነው የምትወጣው። ለጋምቦ ወይ ኩታበር ሁለተኛ ደረጃ ሳይከፈት በቆየ ቁጥር እናት የምትሆነዋም አዋላጅ የምትሆነዋም አብረው ይቀራሉ፣ በሌላ አካባቢ ተምራ በምደባ የምትመጣ ባለሙያ ደሞ መንገዱ ሰላም ካልሆነ አትቆይም። ስለዚ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያገቡና የወለዱ ልጃገረዶች ወደ ክፍል የሚመለሱበት መንገድ አብሮ መታሰብ አለበት፣ የማታ ፈረቃ ቢሆን፣ ልጅ የሚያቆዩበት ክፍል ቢሆን፣ ያመለጣቸውን ክፍል በአጭር ጊዜ የሚያካክሱበት ትምህርት ቢሆን። በእድሜ ያለፉ ናቸው ተብለው ከተተዉ ግን ልጆች የሚወልዱት እነሱ ናቸው፣ ጤና ቢሮ ዛሬ ከትምህርት ቢሮ ጋር ቁጭ ብሎ ሊያወራበት የሚገባው ዝርዝርም የነሱ ስም ዝርዝር ነው።